ቀጀላ በጭቃ የጻፋቸው ስሞች

ቀጀላ በቦሌ ሚካኤል የቀበሌያችን መዝገብ ያዥ ነበር። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ሆኖ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን አጫወትኩት። በጥንቱ የባቢሎን አገር፣ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በቆለለው ጉብታ ሥር የአንድ ንጉሥ መዝገብ ቤት ተገኘ፤ ጽሑፉ ሁሉ በጭቃ ላይ ነው። ጠላት ቤተ መንግሥቱን ሲያቃጥል ጭቃው እንደ ሸክላ በሰለና ሺህ ዓመታት ቆየ።

«እንግዲያ ጋሼ፣ ሞኙ የኛ ወረቀት ነው» አለኝ። ሳቅን።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ የታሰሩ ልጆች ወዴት እንደተዛወሩ የሚናገሩት ወረቀቶች እንዲቃጠሉ ታዘዘ። የጎረቤታችን የሸዋዬ ልጅ ሁንዴም እዚያ ውስጥ ነበር። ቀጀላ ከማቃጠሉ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ስምና ቦታ በየራሱ የጭቃ ጡብ ላይ በምስማር ገልብጦ፣ ከጓዳው ግድግዳ ውስጥ ከትቶ መረገበት። ነገሩ እስኪበርድ ብሎ ለማንም አልተነፈሰም።

መስከረም ላይ እኔንና ሸዋዬን ጠራን። ምርጊቱን ሲያነሳው ጡቦቹ የሉም። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የገባበት ግድግዳ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ቀጀላ እሳቱን ረስቶታል። ወይስ እኔ ነኝ አጥብቄ ያልነገርኩት?

«የልጄን ንገረኝ ታዲያ። ጽፈኸዋል አይደል?» አለች ሸዋዬ።

«እትዬ፣ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ እንጂ አላነበብኩም።»

እውነቱን ይሁን ፈርቶ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። የሚገለብጥ እጅ ሳያውቅ መጻፍ ይችላል፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ እያወቀ አላውቅም ይላል።

ሚስቱ ወለተማርያም ከማድቤት መጣች። «አንዷን ሳይመርግባት እኔ ወስጃታለሁ፤ ጉልቻዬ ቢሰበርብኝ። እሱ እንደሆን ለአይጥ የሚያስነብብ ነው የሚመስለው» አለችና ጥላሸት የለበሰች ጡብ አመጣች። ሦስት ወር ድስት የተሸከመች ጡብ፣ ጠንክራለች።

ሸዋዬ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻትና ሰጠችኝ። ስሙም ቦታውም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«የሙክታር ነው» አልኳት።

ግድግዳውን አየች፣ ጡቧን አየች።

«የበርበሬ ነጋዴዋ ልጅ?»

«እሱ ነው» አለ ቀጀላ፣ ቀና ሳይል።

ጡቧን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጠቀለለቻት። «ሾላ ገበያ ሱቋን ሳትዘጋ ልድረስባት» ብላ ወጣች። ቀጀላ ጭቃውን በጣቱ ይቆነጥራል። እኔ መናገር የሚገባኝ አንድ ነገር ያለ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ፤ ምን እንደነበረ ግን አላውቅም።