ታደለች ያልሄደችበት ሻምፒዮና

ልጅ እያለሁ ጥቅምት መግባቱን የማውቀው በአፍንጫዬ ነበር። ወናጎ ዳር፣ ከቡና መፈልፈያው አጥር ሥር፣ ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ነበረን። ለቀማ ሲጀመር የቡናው ገለፈት ከአጥሩ ወዲያ ይቆለልና ሜዳው ሁሉ ጣፈጥም ኮምጠጥም ያለ፣ ጠጅ ጠጅ የሚል ነገር ይሸታል። ዝናብ ሲጥል ቀዩ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ይለጠፋል። ኳሳችን ከደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ የታሰረ ነበር። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በጭንቅላቱ የመታው ልጅ ያን ቀን ትምህርት አይገባውም።

እህቴ ታደለች ግን በጭንቅላቷ ትመታው ነበር። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ወንዶቹ ቡድን ሲከፋፈሉ መጀመሪያ የሚጠሩት እሷን ነው፤ እኔን ታናሽ እህቷን ደግሞ እሷ እንዳትቀርባቸው ሲሉ ይታገሱኛል። ዩኒፎርሟን ወደ ላይ ሰብስባ ከውስጥ በለበሰችው ቱታ ላይ ትቋጥረዋለች፣ ደብተሯን እኔ ላይ ትጥላለች፣ ከዚያ በኋላ ብጠራትም አትሰማኝም። ስትሮጥ አፏ ትንሽ ከፈት ይላል። ሌላ ጊዜ ዝምተኛ ነበረች። ሜዳ ላይ ግን «ወዲህ! ተወው! ልቀቀው!» ስትል ድምፅዋ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

አባታችን ጅግሶ እዚያው መፈልፈያ ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። ገበሬው እሸት ቡናውን ተሸክሞ ሲመጣ የሚመዝንለት እሱ ነው። ሌላ መፈልፈያ በቅርብ እያላቸው አልፈው ወደ እሱ የሚመጡ ነበሩ፤ የጅግሶ ሚዛን አይበላም ይሉ ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነው። በዚያን ጊዜ ወናጎ ውስጥ የተወለደበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ ልጅ ጥቂት ነበር፤ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ መምህሩ ሲጠይቀን የመጣልንን ነበር የምንናገረው። የእኔና የታደለች ግን ተጽፎ ይገኛል። አባባ የተወለድንበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በመጽሐፍ ቅዱሱ የመጨረሻ ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አስፍሮታል። እንግዶች ሲመጡ በኩራት ያሳይ ነበር።

የስፖርት መምህራችን ደምሴን ሁላችንም ኮች ነበር የምንለው። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ወጣና ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ሊቋቋም መሆኑን ነገረን። ቡድኑ የጎረቤት አገሮች ሁሉ የሚካፈሉበት ሻምፒዮና ላይ ለመጫወት ውጭ አገር ይሄዳል፤ መራጮች ዲላ ስታዲየም መጥተው ልጆች ያያሉ። ከእኛ ትምህርት ቤት ስድስት ሆነን ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነን ተደራርበን ተቀመጥን። ታደለች እስከ ዲላ ድረስ እጄን ጨብጣ ይዛው ነበር፣ እጇ ቀዝቅዟል።

ያን ቀን የተጫወተችውን ጨዋታ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ከዲላ ልጆች አንዷ መለያ ለብሳ፣ ታኬታ አድርጋ ነበር የመጣችው፤ ታደለች በሸራ ጫማ ሁለት ጊዜ አለፈቻት፣ ሁለቱንም ጊዜ አገባች። እኔ በግራ በኩል ተከላካይ ሆኜ የሚመጣውን ኳስ ሁሉ ወደ ውጭ ስመታ ዋልኩ። ሲመሽ ስም ተጠራ። ከጌዴኦ ልጆች ሦስት ተመረጡ፤ ሁለቱ እኛ ነበርን። ኮች አናናስ ገዝቶ በመንገድ ዳር አስቆረጠልን፤ ጭማቂው በክንዳችን እየወረደ፣ ታደለች ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ስትስቅ ሰማኋት።

ችግሩ የመጣው ከልደት ወረቀቱ ነው። ሻምፒዮናው በሚጀመርበት ቀን አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ መጫወት አትችልም። እኔ አሥራ ሦስት ነበርኩ። ታደለች አሥራ አምስት ከሞላት አራት ወር ሆኗታል። በወቅቱ የልደት ወረቀት ማለት ወላጅ ቀበሌ ሄዶ የሚናገረው ቀን ነው፤ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። ስለዚህ ኮች ችግር መኖሩም አልታየውም። ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ የቀረበለትን አቮካዶ እየበላ፣ አባባን እንደ ቀላል ነገር ጠየቀው።

«አቶ ጅግሶ፣ አንድ ዓመት ዝቅ አድርገው ይናገሩልንና ይፈርሙ» አለው። «ማንንም አይጎዳም።»

አባባ ተነሥቶ መጽሐፍ ቅዱሱን አመጣና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠለት። «ይህን የጻፍኩት የተወለደች ዕለት ነው» አለ በዝግታ። «አሁን ቀበሌ ሄጄ ሌላ ቀን እንዴት እናገራለሁ?»

ኮች ብዙ ለመነ። እንዲህ ያለች ልጅ በሕይወቱ እንዳልገጠመችው፣ ከሌላው አካባቢ የሚመጡት ሁሉ ዕድሜያቸውን እንዳስቀነሱ፣ ይህ ዕድል ለወናጎ ልጅ ተመልሶ እንደማይመጣ ነገረው። እማዬም በመሐል ገብታ፣ እሷ ቀኑን የምታውቀው በዝናቡ እንጂ በጽሑፍ እንዳልሆነ፣ ጥፋት ከሆነ በእሷ ይሁን ብላ በቋንቋችን በጌዴኡፋ ለመነችው። አባባ ራሱን ነቀነቀ። ታደለች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ኮች ከሄደ በኋላ ነው ወደ አባባ የቀረበችው።

«አባባ፣ ሌሎቹ ሁሉ አስቀንሰዋል።»

«ሌሎቹን እኔ አልወለድኳቸውም፣ ልጄ» አላት።

ከዚያ በኋላ አልለመነችውም። በማግስቱ አባባ እኔን ይዞ ቀበሌ ሄደና የእኔን ወረቀት አስጽፎ ፈረመ። አሁን ልናገረው የሚያሳፍረኝ ነገር አለ፤ ስንመለስ ወረቀቱን እጄ ላይ ይዤ በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከታደለች ጋር ስሆን ሁልጊዜ የታደለች እህት ነበርኩ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ምህረት ተብዬ በራሴ ስም ልጠራ ነው።

ታደለች ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባባ ጋር በአንድ ትሪ አልበላችም። ቆጮዋን በሳህን ይዛ ማድ ቤት ትገባለች። አባባ ትሪው ላይ የእሷን ድርሻ ሳይነካ ይተውላታል፤ ሳይነካ ይነሣል። እኔን ግን አልጠላችኝም። እስክሄድ ድረስ በየማለዳው ቀስቅሳ ሜዳ እየወሰደች በግራ እግሬ እንድመታ ታለማምደኝ ነበር። አንድ ቀን ደክሞኝ ስቀመጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ ኳስ ስትመጣልኝ ቀና ብዬ እንዳይ፣ ሁልጊዜ መሬት መሬት እንደማይ ነገረችኝ። ይህን ስትል እንኳ ድምፅዋ ውስጥ ቅናት አልነበረም። ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

ስለ ሻምፒዮናው ብዙ የምለው የለኝም። አውሮፕላን ውስጥ አስመለሰኝ። ሆቴሉ ውስጥ ለአራት አንድ ክፍል ሰጡን። አምበላችን ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች፤ በሁለተኛው ቀን ፀጉሬን እየሠራችልኝ አሥራ ሰባት ዓመት እንደሞላት በግልጽ ነገረችኝ። ደንግጬ ቢያጣሩስ አልኳት። «ማን ያጣራል ብለሽ ነው?» አለችኝ፣ እየሳቀች። እውነቷን ነበር። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በረድፍ አቆሙን፣ አንድ ሰውዬ ፓስፖርታችንንና ፊታችንን እያየ አለፈ፤ በቃ፣ ይኸው ነበር። ከቡድናችን ውስጥ እውነተኛ ልጆች አምስት ብንሆን ነው። የሌሎቹም አገሮች ልጆች የሚሻሉ አይመስሉም ነበር።

ሁለት ጨዋታ ተቀምጬ አየሁ። በሦስተኛው፣ መሸነፋችን ሲታወቅ፣ አስገቡኝ። ኳሷ ጎሉ ፊት ለፊት መጣችልኝ፤ ማንም አጠገቤ አልነበረም። መሬት መሬት እያየሁ በረኛዋ እጅ ላይ መታኋት። ያኔ ታደለች በዓይነ ሕሊናዬ መጣችብኝ፤ አፏን ከፈት አድርጋ ስትሮጥ። አባባ ያን አንድ ዓመት ቢቀንስላት ኖሮ እዚህ ትሆን ነበር፤ ማንም ምንም አይላትም ነበር። መልበሻ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ሌሎቹ ስለ ሽንፈቱ መስሏቸው አባበሉኝ።

ወናጎ ስደርስ ታደለች አስፋልቱ ዳር ትጠብቀኝ ነበር። ቦርሳዬን ተቀበለችኝና ጥቂት እንደሄድን፣ ስለ ጨዋታው ሳትጠይቀኝ፣ «ዕድሜ አጣሩ?» አለችኝ።

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። «አጣሩ» አልኳት። «ብዙ ልጆች መለሱ። እጃቸውን በራጅ እያዩ። ከእኛም ሁለት ተመልሰው ሲያለቅሱ ነበር።»

ቦርሳዬን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። ከዚያ «እሺ» አለች። ያን ዕለት ምሳ ሲቀርብ ከማድ ቤት ወጥታ ትሪው አጠገብ ተቀመጠች። አባባ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ቆርሶ አጎረሳት። እማዬ ፊቷን አዞረች። እኔ ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ውሸቴ ግን እዚያ አላበቃም። ታደለች ለእማዬ ነገረቻት፣ እማዬ ለአባባ። እሁድ ጸሎት ቤት ምስክርነት ሲጠየቅ አባባ ተነሣ። ልጁን በባዕድ አገር ከመዋረድ እግዚአብሔር እንዳዳነለት፣ እውነትን ለያዘ ሰው ጌታ መንገድ እንደሚያዘጋጅ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ተናገረ። ምእመናኑ አሜን አሉ። ታደለች ከእኔ ጎን ተቀምጣ ወደ ፊት ታይ ነበር። ያንን ምስክርነት አባባ በየዓመቱ ተናገረው፤ በሠርግ ላይ፣ በወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ። በተናገረ ቁጥር ራሴን እየደፋሁ አደግሁ።

ታደለች ኳስ መጫወት አቆመች። ያቆመችበትን ቀን መናገር አልችልም፤ አንድ ቀን ቀረች፣ በሌላውም ቀረች፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጅም በወናጎ ሌላ ቡድን አልነበረም። ኮችም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ውጤት አልመጣላትም፤ ወርቃ ወደሚባል አገር ቤት ተዳረች፤ አራት ልጅ ወለደች። እኔ ዲላ ተማርኩ፣ እዚያው የስፖርት መምህር ሆንኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት አባባ ታመመ። ሁለታችንም አጠገቡ ተቀምጠን ውሃ እያቀመስነው ሳለ፣ ድንገት ታደለችን አያትና «ኳስ በጣም ትወጂ ነበር አይደል?» አላት። ታደለች ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት። «ልጅነት ነው አባባ» አለችው። ዓይኑን ጨፈነ። በዚያው ሳምንት ሞተ።

ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹ ያንን ምስክርነት ደግመው አነሡት፤ ጅግሶ እንዲህ ያለ ሰው ነበር አሉ። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ታደለችን ከድንኳኑ ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል ይዣት ሄድኩና እንደዋሸኋት ነገርኳት። ማንም እንዳላጣራ፣ ማንም እንዳልተመለሰ፣ ከጥቂቶቻችን በስተቀር ሁሉም ትልልቅ ሴቶች እንደነበሩ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። ትናደዳለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «በመጣሽ በሳምንቱ ኮችን ጠይቄው ነግሮኛል።»

ታዲያ ለምን ዝም አለችኝ? ለምን አባባ ያንን ሁሉ ዓመት ሲመሰክር ተቀምጣ ሰማች? ጠየቅኳት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«እውነቱን ሳልሰማ በፊት አብሬው በልቼ ነበር» አለች። «ያጎረሰኝን አይተሻል። ከዚያ በኋላ ከትሪው መነሣት አልቻልኩም።»

ተቃቅፈን አለቀስን። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ለአባታችን ያለቀስን መስሏቸው መጥተው ደግፈው መለሱን። ለእሱም ነበር።

ዛሬ የማሠለጥናቸው ልጆች የቆዳ ኳስ አላቸው፤ በስልካቸው የዓለምን ጨዋታ ያያሉ። ጤና ጣቢያ ሲወለዱ ወረቀት ይጻፍላቸዋል፤ ለትልቅ ውድድር እጃቸው እውነትም በራጅ ይታያል። ሆኖም ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንድ ወላጅ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዘንድሮ ከኮንጋ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ አሥራ አምስት ከሞላት ሁለት ወር ነው። አይሆንም አልኳት። እናትየዋ አልተከራከረችኝም፤ ልጅቷም አልለመነችኝም፤ በሩን ይዛ ቆማ አየችኝ ብቻ። አባባን ስጠላው፣ ሳዝንለት፣ ስወደው ኖሬያለሁ። በእሱ ቦታ ቆሜ የማውቀው ግን ያን ቀን ነው። ምሳ አልበላሁም።

ወርቃ ላለችው ለታደለች ደወልኩላት። ቡና በማድረቂያው አልጋ ላይ እያሰጣች ነበር፤ የልጆቿ ድምፅ ይሰማኛል። የሆነውን ነገርኳት። ልክ ነሽም፣ ጥፋተኛ ነሽም አላለችኝም።

«ልጅቷ ትችላለች?» አለች።

«ትችላለች» አልኩ።

አንዱን ልጇን ከቡናው ዞር በል አለችው። ከዚያ፣ «ከልምምድ እንዳትቀርብሽ» አለችኝ። «ቤቷ ድረስ ሄደሽ ጥሪያት።»

በማግስቱ ከሰዓት በባጃጅ ሄጄ ጠራኋት።