ውሃ አልጠጣም ያለው ኪዩብ

ሰኞ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ወደ ወላይታ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ሄዶ ሙዝና አቮካዶ ጭኖ ይመለሳል። እኔ ግን ከዚሁ ከአዲስ አበባ አራት የኮንክሪት ኪዩብ ጭኜ እየሄድኩ ነው። እያንዳንዱ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ፒካፑ ላይ ሳስተኛቸው ሹፌራችን ጋሽ ከድር በእጁ ባትሪ እያበራልኝ ይስቃል።

«ሰብለ፣ ወላይታ ድንጋይ ጠፋ አሉሽ?»

«ድንጋይ አይደለም ጋሽ ከድር፣ ናሙና ነው።»

«ይሁና! ድንጋይም አዲስ አበባ ከኖረ ስም ያወጣል።»

የምሠራው የግንባታ ዕቃ ከሚፈተሽበት ላብራቶሪ ነው። ማዕረጌ ቴክኒሺያን ነው፤ ከሞጆ ወዲያ ያለ ሰው ሁሉ ግን ኢንጂነር ይለኛል፤ እኔም ተሳስታችኋል ብዬ አላውቅም። ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ገደማ ቀርቶታል፤ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ የንቧ ምልክት ከምርጫው ወዲህ ፀሐይ እየበላት ደብዝዛለች።

የመንገዴ ምክንያት ይህ ነው። ከቤሌ ከተማ ወጣ ብሎ አንድ ኮረብታ ላይ የመጠጥ ውሃ ገንዳ አለ። ኮንክሪቱ ያፈስሳል፤ ጠዋት የሞላው ማታ ግማሽ ሆኖ ይገኛል። ከኪዩቦቹ ሦስቱ ውሃ የሚከለክል ልባስ ተቀብተዋል፦ አንዱ በሲሚንቶ የተሠራ ግራጫ፣ አንዱ ኮንክሪቱ ውስጥ ሰርጎ ቀዳዳውን የሚደፍን ቀጭን ፈሳሽ፣ አንዱ ወፍራም ሰማያዊ። አራተኛው ምንም አልተቀባም፤ ማወዳደሪያ ነው። ደረቁን መዝኖ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ዳግመኛ መመዘን ነው። የከበደው ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ልባሱ ካልተቀባው የተሻለ መሆኑ ከታየ ገንዳው በዚህ በጋ ይለበሳል። ካልታየ ግን ገንዳው ይተውና መስመሩ ታች ወዳለው ቀበሌ ይዞራል፤ የኮረብታው ሴቶችም እንደ ድሮው ወንዝ ይወርዳሉ። ደብዳቤው ላይ እንዲህ ነው የተጻፈው።

ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቦዲቲ

ሻሸመኔ ላይ ቁርስ በላን። አላባ ላይ በርበሬው መንገድ ዳር ተሰጥቶ ስላየሁት ብቻ አስነጠሰኝ። ቦዲቲ ስንገባ ገበያ ነው፤ ባጃጅ፣ አህያ፣ የሸክላ ድስት፣ ዣንጥላ የያዙ ሴቶች፣ ሁሉም የመንገዱን መሃል ይወዳል። አራት አቮካዶ በአንድ ብር ገዛሁ። ሻጯ ፒካፑ ላይ የተጠቀለሉትን አየችና «ታመው ነው?» አለችኝ።

«ለኦቶና ሆስፒታል ናቸው» አላት ጋሽ ከድር፣ ግንባሩን ሳያጥፍ። ልጅቷ ከንፈሯን መጠጠችና አንድ አቮካዶ መረቀችልን። ሰውዬው ሲዋሽ ዓይኑን እንኳን አያሽም።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ኮረብታው ላይ

ጠዋት ካደርንበት ከሶዶ በጊዜ እንወጣለን ብለን ነበር። መጀመሪያ አቶ ዳናን ጠበቅን፤ ለዞኑ የገንዳውን ጉዳይ የሚወስን ባለሙያ ነው፤ ቁመተ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። «ዓርብ እመጣለሁ። ሚዛኑ ያለውን እፈርማለሁ፤ ከሚዛኑ ውጪ ወሬ አልሰማም» አለና ቅጹን ሰጠኝ። ከዚያ የቤሌ መንገድ ጎማችንን በላ። ጎማ አስጠግነን፣ አቧራ ጠጥተን ስንደርስ ቀኑ መሽቷል ማለት ይቻላል።

የገንዳውን ቁልፍ የምትይዘው ሴት የማርቆስ እናት ትባላለች፤ የራሷን ስም የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። ቤቷ ከገንዳው ሥር ነው። «ሳሮ፣ ሳሮ!» ብላ ተቀበለችን፤ የደህና መጣችሁ ሰላምታቸው ነው። ኪዩቦቹን እኔ ሳልጠይቃት አንድ በአንድ አቅፋ ቤት አስገባች። መዘንኳቸው፤ ጻፍኩ።

«አሁን በርሜሉን እንሙላ።»

«ውሃ ጠዋት ነው የምትመጣ፣ ኢንጂነር። አሁን ገንዳው ውስጥ የተረፈች የለችም።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ማደር ነበረብኝ። ቅጹ «ናሙናዎቹን ባለሙያው በገዛ እጁ ይነክራል» ይላል። ነገር ግን ሶዶ ሆቴል ሙቅ ውሃ አለ፤ ቁርጥ በዳጣ አለ። ዳጣውን የማታውቁ ካላችሁ፣ የወላይታ ሰው በርበሬና ቅመም ወቅጦ የሚሠራው፣ አፍ አቃጥሎ ይበልጥ የሚያስበላ ነገር ነው። አፈርኩ ማለት አልችልም፤ ያን ሰዓት አላፈርኩም።

«የማርቆስ እናት፣ ጠዋት ውሃ ሲመጣ በርሜሉን ሞልተው አራቱንም ይንከሯቸው። ሌላ ምንም አይንኩ።»

«ምን ገዶኝ!» አለች።

«በገዛ እጁ» የሚለው ላይ ፈረምኩና መኪና ውስጥ ገባሁ። ጋሽ ከድር ቅጹን አየና ሞተሩን አስነሳ። እሱ ካልቀለደ ነው መፍራት።

ሐሙስ፣ ሶዶ

ሁለት ቀን ሥራ ፈት ሆኜ ከተማ ዞርኩ። የዳሞታ ተራራ ጠዋት ጭጋግ ተከናንቦ ይቆያል፤ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ራሱን ይገልጣል። የሶዶው መርካቶ ውስጥ የጋሽ ከድር የአገር ልጅ የጅምላ ሱቅ አለው፤ ምስማር፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ የትምህርት ቤት ደብተር በአንድ ጣሪያ ሥር። ልባሶቹን ነገርኩት።

«የኔ ቆርቆሮ ጣሪያም ያፈሳል። ይሠራለታል?»

«ለኮንክሪት ነው።»

«ታዲያ ለድሃ የሚሆን መቼ ነው የምትፈትሹት?» አለ። ሻይ ጋበዘኝ፤ ጠጣሁለት።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ኮረብታው ላይ

አቶ ዳና በሞተር ሳይክል ቀድሞን ደርሷል። ሴቶች በየጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ውሃውን አይደለም፣ ሚዛኑን ነው። የማርቆስ እናት ነጠላዋን አሳምራ ለብሳለች። ኪዩቦቹን አውጥቼ ጠረግኩ፤ መመዘን ጀመርኩ።

ግራጫው ጥቂት ጨምሯል። ፈሳሹም ጥቂት። ሰማያዊውም እንደዚሁ። ከሦስቱ ግራጫው ይሻላል። ጎሽ! አልኩ በሆዴ። አራተኛውን አስቀመጥኩ፤ ያልተቀባውን፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚጠጣውን።

ምንም አልጨመረም ማለት ይቻላል። ከሁሉም ያነሰ።

አንስቼ እንደገና አስቀመጥኩ። ሚዛኑን በጥፊ መታሁት። ያው ነው።

«እንግዲህ» አለ አቶ ዳና፣ እስክሪብቶውን እየከፈተ፣ «ያልተቀባው ከተቀባው በለጠ። ልባስ አያስፈልግም ማለት ነው። ገንዳው የሚያፈስበት ሌላ ምክንያት ካለ ደግሞ እኛ ዘንድ በጀት የለም። መስመሩ ይዞራል።»

አንዲት ሴት በወላይትኛ ተረጎመችው። የጀሪካኑ ጉባኤ በአንዴ ወደ እኔ ዞረ።

«ቆይ! ቆይ አቶ ዳና! ይሄ ሊሆን አይችልም!»

«ሚዛኑ ያለውን ነው የምፈርመው ብያለሁ።»

ጋሽ ከድር ቀስ ብሎ መጣና ኪዩቡን አነሳ። አገላበጠው። አፍንጫውን አስጠጋ። እንደገና አስጠጋ።

«ሰብለ፣ ይሄ ኮንክሪታችሁ ቅቤ ቅቤ ይላል።»

ተቀብዬ አሸተትኩ። ቅቤ! ለጋ፣ ጥሩ፣ የወላይታ ቅቤ። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ሰም ተነሳልኝ። ሁላችንም ወደ የማርቆስ እናት ዞርን።

እሷ አላፈረችም፤ እንዲያውም ተገረመች። «አዎ፣ ቀባሁት። ሦስቱ ለብሰው መጡ፤ አንዱን ራቁቱን አመጣችሁት። ወንድሞቹ ለብሰው እሱ ለብቻው ውሃ ውስጥ ይገባል? እንግዳ ነው እኮ፣ ኢንጂነር! እኛ አገር እንግዳ ቅቤ ሳይነካው አይሸኝም። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው፤ ቅቤዋ ቤት ቁጭ ብላለች፤ ማንም አይበላትም። ቀባሁት፣ ደህና አድርጌ ቀባሁት፣ ከዚያ ነከርኩ።»

ጋሽ ከድር ፊቱን ወደ ገንዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አቶ ዳናን አየሁት። አይስቅም።

«የመንግሥት ፈተና ያበላሸ ሰው ቁልፍ ሊይዝ አይችልም» አለ። «ፈተናውም ፈርሷል። የማርቆስ እናት፣ ሊለበስልሽ የነበረውን ገንዳ በእጅሽ ቀበርሽው፤ ገባሽ?»

ያኔ ገባት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። «ኧረ በስመ አብ! እኔ ነኝ ወንዝ የማወርዳቸው?» አለችና ጀሪካን ላይ ወደተቀመጡት ሴቶች ዞረች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አቶ ዳና ቅጹን ገለጠ። «ባለሙያው በገዛ እጁ ነክሯል ይላል፤ ፊርማ አለበት። የነከሩት እርስዎ ከሆኑ ቅቤው የተቀባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥፋቱ የእሷ ነው። እርስዎ ነዎት የነከሩት?»

ጋሽ ከድር መሳቅ አቆመ። ሐሰቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል፤ «አዎ»። ማንም አያጣራም። የዳጣው ጣዕም ትዝ አለኝ።

«አይ፣ እኔ አልነከርኩም» አልኩ። «ማክሰኞ ማደር ነበረብኝ፤ ሆቴሌ ሄድኩ። ያልሠራሁትን ፈረምኩ። እሷ የታዘዘችውን አድርጋለች፤ ከታዘዘችው በላይም አዘነች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቁልፏን እንዳትነኩባት።»

«ይሄ ግምገማ ላይ ያስነሳዎታል።»

«ያስነሳኝ።»

አቶ ዳና እስክሪብቶውን ከደነ። «እስከ ማታ ሶዶ ሪፖርት አስገባለሁ። እስከ አሥር ሰዓት እዚህ ነኝ። የሚያሳዩኝ ካለ በሚዛን ያሳዩኝ» አለና ጥላ ሥር ተቀመጠ።

መላው ቅርብ ነበር። ቅቤው የቀባው ውጪውን ነው፤ ውስጡ አልተነካም። መዶሻ ተበደርኩና ኪዩቡን መታሁት። እምቢ አለ። ጋሽ ከድር መታው። እምቢ አለ። የማርቆስ እናት መዶሻውን ከእጁ ወሰደች፣ አንድ ጊዜ መታችው፤ ለሁለት ተፈነከተ። ግማሹን መዘንኩት፤ በገዛ እጄ ነከርኩት፤ በርሜሉ አጠገብም ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ ቦዬ የሚሉትን ሥራሥር ቀቅለው በዳጣ አመጡልኝ፤ ጾም ስለሆነ ያለ ቅቤ። ከቦታዬ ሳልነሳ በላሁ። ጀርባዬ በፀሐይ ተጠበሰ። አንዲት ሴት ዣንጥላዋን ይዛልኝ ቆመች፤ ስትደክም ሌላዋ ተካቻት።

አሥር ሰዓት ሲሆን አወጣሁት። የተሰበረው ፊቱ ጠቁሯል። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ግማሹ ኪዩብ በስድስት ሰዓት ውስጥ የጠጣው፣ የተቀቡት እያንዳንዳቸው ሙሉ አካላቸውን ይዘው በሁለት ቀን ከጠጡት ይበልጥ ነበር።

አቶ ዳና ራሱ አንስቶ ራሱ መዘነ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ጻፈ፤ ፈረመ። «ግራጫው ይቀባል» አለ። ቁልፉንም ከማርቆስ እናት አልወሰደም። ሴቶቹ እልል አላሉም። ተነሥተው ጀሪካናቸውን ይዘው ሄዱ፤ የጠበቃቸው ሥራ ነበር። የማርቆስ እናት ብቻ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ፣ አዲስ አበባ

ሦስት ኪዩብ ከነሙሉነቱ፣ አንድ ኪዩብ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንድ ጆንያ አቮካዶ። ሪፖርቱን መኪና ውስጥ ጻፍኩት፤ አስተያየት በሚለው ሥር «አራተኛው ናሙና ባለሙያዋ ስላልነበረች በርኅራኄ ተበላሽቷል» አልኩ። ሰኞ አለቃዬ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ። የሚገባኝ ነው፤ ተቀበልኩ።

ከሳምንታት በኋላ ይህን ማስታወሻ ለአንድ ጋዜጣ ልሰጥ ስል ጋሽ ከድር ልባሱን ቤሌ አድርሶ ተመለሰ። ገንዳውን ከውስጥ ግራጫውን ቀብተው፣ አድርቀው፣ ሞልተው፣ የውሃው ልክ ላይ በኖራ መስመር አሰመሩ። ማግሥቱን ጠዋት አቶ ዳና መጥቶ አየ። ውሃው መስመሩ ላይ ነበር። አቶ ዳና ግን ጎንበስ ብሎ የገንዳውን ግድግዳ አሸተተ አሉ።

«የማርቆስ እናት መልእክት አላት» አለኝ ጋሽ ከድር። «ለኢንጂነሯ ንገርልኝ፣ አለች፤ ቅቤ አልነካሁም። ራሱ ነው የያዘው።»