አረፋ የማያወጣው መተንፈሻ

ይህ ያጋጠመኝ ዓምና፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ በደረቀበት ሰሞን፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው። ጊዜው ሩቅ አይደለም። ግን እስካሁን ገመድ በያዝኩ ቁጥር፣ የተበላሸ ባጃጅ ለመጎተት እንኳን ቢሆን፣ ያ ቀን ይመጣብኛል። አፍ አውጥቼ ለሰው ለመናገር ሲከብደኝ ቆይቶ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

ቆሰበር ከተማ ውስጥ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ፎቶ አንሺ ናት። ከመጋባታችን በፊት ጅቡቲ ሆቴል ውስጥ ስትሠራ፣ ባሕር ጠላቂዎችን የሚያሠለጥን ሰው አግኝታ መጥለቅ ተማረች። ውሃ ውስጥ ፎቶ ማንሳትም እዚያው ለመደች። ወደ አገሯ ስትመለስ ፍቅሩ አብሯት መጣ። ከሰርግና ከምረቃ ሥራ በተረፋት ጊዜ ዘንገና ትገባለች። ሰዉ መጀመሪያ እንደ እብድ ነበር የሚያያት። ዘንገና መጨረሻ የለውም፣ የበላውን አይመልስም እየተባለ ነው እዚህ ሰው የሚያድገው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ሐይቁ ላይ እየጠለቀች የምትመገብ ትንሽ ወፍ አለች። ጥሩወርቅ ያችን ወፍ ውሃ ውስጥ ስትዋኝ ማንሳት ትፈልጋለች። ነገር ግን በተለመደው የአየር ሲሊንደር ስትጠልቅ፣ በተነፈሰች ቁጥር አረፋው እየተንደቀደቀ ይወጣል፤ ወፎቹም በርግገው ይሄዳሉ። መፍትሔው ሪብሪዘር የሚባል መሣሪያ ነው አለችኝ። ጠላቂው ያስወጣውን ትንፋሽ በኬሚካል አጣርቶ፣ ኦክስጅን ጨምሮ መልሶ ይሰጠዋል። አረፋ የለውም።

አሠልጣኟ ዘንድ የሚሸጡ ሁለት ያገለገሉ ነበሩ። ልታያቸው ጅቡቲ ሄዳ በቪዲዮ ደወለችልኝ። አንደኛው ጀርባ ላይ የሚታዘል ትልቅ ዕቃ ነው።

"ይሄ ብዙ ሰዓት ያቆያል፤ ጥልቅም ይወስዳል" አለችኝ። "ግን ለብቻው አንድ ሻንጣ ነው። አውሮፕላን ላይ ያስቸግረኛል።"

ሌላው ደረት ላይ የሚታሰር፣ የተማሪ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነበር። እሱ ደግሞ ከዳር አካባቢ አልፎ ጥልቅ አያስኬድም፤ ሰዓቱም አጭር ነው።

"አንተ ምን ትላለህ?"

እኔ ስለ መጥለቅ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ጭነት ነው። ከባሕር ዳር በሚኒባስ፣ ከቆሰበር በእኔ ባጃጅ፣ ከዚያ የሐይቁን ገደል በትከሻ ማውረድ አለ። "ትንሹን አምጪ" አልኳት። ሰውየውም ሞክሪው፣ ካልተስማማሽ መልሰሽ ትልቁን ትወስጃለሽ ብሏት ይዛው መጣች።

ጠዋት ጭጋጉ እንደገፈፈ ባጃጇን መንገድ ዳር አቁመን ወደ ውሃው ወረድን። ጥሩወርቅ መሣሪያውን ደረቷ ላይ አስራ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከመግባቷ በፊት መሥራቱን ለማረጋገጥ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰችበት። ለክፉ ቀን የምትይዛት ትንሽ የአየር ሲሊንደር ጎኗ ላይ ነበረች። ከዚያ የገመዱን ጫፍ ቀበቶዋ ላይ አያይዛ፣ ሌላውን ጫፍ እጄ ላይ ጠመጠመችልኝ።

"ስማኝ" አለች። "ዛሬ አረፋ አታይም። ገመዱን አንዴ ስትስብ፣ ደህና ከሆንኩ አንዴ እመልስልሃለሁ። ደጋግሜ ከሳብኩ አውጣኝ። ዝም ካልኩህ ደግመህ ጠይቀኝ፤ አሁንም ዝም ካልኩ በቀስታ ሳብ። በድንገት ግን እንዳትጎትተኝ። ይሄ መተንፈሻ ከአፌ ከወለቀ ውሃ ኬሚካሉ ውስጥ ይገባና ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል።"

ገባች። ውሃው ተከደነ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

እስከዚያ ቀን አረፋው ምን ያህል ያጽናናኝ እንደነበር አላውቅም ነበር። አሁን ፊቴ ያለው የጫካው ጥላ ያረፈበት ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ብቻ ነው። ገመዱን ሳብኩ፤ መለሰች። ቆይቼ ሳብኩ፤ መለሰች። ወፎቹ እንኳ ምንም ሳይመስላቸው እሷ የገባችበት አካባቢ ይንሳፈፋሉ። አንዷ ብቅ ትላለች፣ መልሳ ትጠልቃለች።

እንዲህ እያለሁ፣ ከላይ መንገዱ ዳር ከሰል ሲጭኑ የነበሩ ሰዎች ስትገባ አይተዋት ኖሮ ሲሮጡ ወረዱ።

"ሴትዮዋስ?" አለኝ ከፊት ያለው፣ ፊቱ በከሰል የጠቆረ ወጠምሻ።

"ውሃ ውስጥ ናት። ደህና ናት።"

"ምን ደህና ናት ትላለህ! ከገባች ስንት ጊዜዋ! አውጣት እንጂ!"

መተንፈሻ አላት ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ማን ይስማኝ። አንዷ ሴት ደረቷን መምታት ጀመረች። ከኋላ አንዱ "ሚስቱን ውሃ ውስጥ ከቶ ቆሞ ያያል እኮ!" ሲል ሰማሁ።

አማቴ ጋሽ ምንይችል የደረሱት በዚህ መሃል ነው። ከጥሊሊ ገበያ ሲመለሱ ባጃጄ ቆማ አይተው፣ ፈረሳቸውን ዛፍ ላይ አስረው ወርደዋል። ከዚህ በፊት ልጃቸው በሲሊንደር ስትጠልቅ አንድ ቀን አብረውኝ ቆመው ነበር። ያን ቀን "አረፋው ካለ ልጄ አለች ማለት ነው?" ብለው ጠይቀውኝ፣ አዎ ብዬአቸዋለሁ። አሁን ውሃውን አዩ። እኔን አዩ።

"አረፋው የት አለ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ሌላ መሣሪያ ነው። አረፋ አያወጣም።"

"ሰው ሆኖ የማይተነፍስ አለ?" አሉ። ወዲያው ወደ ውሃው ዞረው በአዊኛ ይጣሯት ጀመር። እኔ የዳንግላ ልጅ ስለሆንኩ አዊኛ ግማሽ በግማሽ ነው የምሰማው፤ ያን ቀን ግን ሁሉንም የሰማሁት መሰለኝ።

ገመዱን እጃቸው ላይ አደረግኩላቸው። "ይሳቡ ጋሼ። አንዴ ብቻ።"

ሳቡ። ትንሽ ቆይቶ ከታች አንዴ ተሳበ። ጋሽ ምንይችል ገመዱን ሊለቁት ነበር፤ እንደገና ጨበጡት። "አለች" አሉ።

ገመዱን መልሼ ይዤ ቆየሁ። ደግሜ ስስብ ግን መልስ አልመጣም።

ሳብኩ። ዝም። አማቴ ፊቴን እያዩ ስለነበር ልደብቃቸው አልቻልኩም። "ምነው?" አሉ። ቃሏን አስታውሼ በቀስታ መጎተት ጀመርኩ። ገመዱ ትንሽ መጥቶ ቆመ። ሰው የታሰረበት ገመድ ከበድ ይላል እንጂ እሺ ብሎ ይመጣል። ይሄኛው ደረቅ ያለ ነው፤ ግንድ እንደመጎተት ነው። ውሃው ውስጥ የወደቁ ዛፎች እንዳሉ ጥሩወርቅ ነግራኝ ነበር። ገመዱ ዛፍ ላይ ተጠምጥሟል ማለት ነው። እሷስ? ከዛፉ ወዲያ ናት ወይስ ወዲህ? አጥብቄ ብስብ ከግንዱ ጋር አጣብቄ አስራታለሁ ብዬ ፈራሁ። ገመዱን አላላሁት።

"ለምን ታላላዋለህ! ጎትት!" አለ ወጠምሻው፣ ገመዱንም ከኋላዬ ያዘ።

"ተው! ዛፍ ይዞታል! ብትጎትቱ ትገድሏታላችሁ!"

"ገዳዩስ አንተ ነህ!"

ገፈተረኝ። ገመዱን እንዳቀፍኩ ጭቃው ላይ ወደቅኩ፤ በሆዴ ተኛሁበት። ክንዴን ይዘው ሊያነሱኝ ሲታገሉ ቀና ስል፣ ጋሽ ምንይችል ጋቢያቸውን ጥለው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተዋል። ዋና አያውቁም። ዘንገና ደግሞ ከዳሩ ትንሽ ራቅ ሲሉ ድንገት ገደል የሚሆን ውሃ ነው። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። በአንድ እጄ ገመዱን፣ በአንድ እጄ የአማቴን ኮት ይዤ ቆምኩ።

"ልቀቀኝ! ልጄ ናት!"

"ሚስቴ ናት ጋሼ! አልለቅዎትም!"

ሁለታችንም እናለቅስ ነበር።

ያን ጊዜ በስተግራችን፣ ሳሩ ወደ ውሃው ከተደፋበት በኩል፣ ጭንቅላት ብቅ አለ። ሴቶቹ ጮኹ። ጥሩወርቅ መተንፈሻውን ዘግታ ከአፏ አወጣችና ያንን ሁሉ ሰው፣ አባቷን እስከ ወገባቸው ርሰው፣ እኔን በጭቃ ተለውሼ አየች።

"ምን ሆናችሁ?" አለች።

ያ ወጠምሻ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ራሱን ያዘ።

ኋላ እንደነገረችን ወፏን ስትከተል በአንድ የሰመጠ ዛፍ ዙሪያ ዞራለች፤ ገመዱም ቅርንጫፎቹ ላይ ተጠመጠመ። የእኔ ጥያቄ አልደረሳትም። ከዚያ ገመዱ ድንገት ተወጥሮ ወደ ግንዱ አስጠጋት። ማያያዣው ገመዱ ሲወጠር አልከፈት አላት። በቢላዋ ልትቆርጠው ስትል ገመዱ ላላ፤ ማያያዣውን ከፍታ በዳር በዳር ወጣች። "ደግሞ ቢወጠር ኖሮ..." ብላ አባቷን አየችና ተወችው።

ጋሽ ምንይችል የወደቀ ጋቢያቸውን አንስተው ልጃቸውን አለበሷት። መሣሪያውን በእግራቸው ነካ አደረጉት። "ይሄን ነገር አልወደድኩትም" አሉ። "ትንፋሽ የሚደብቅ ዕቃ።" ያ ወጠምሻም ሲሄድ "ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ" ብሎ ትከሻዬን ያዘ። እኔም ዳር ቆሜ ባይ ኖሮ እገፈትር ነበር።

መሣሪያውን ልመልሰው ወይስ ላስቀረው የሚለው የሰነበተ ንትርክ ሆነ። እኔ መልሺው፣ አረፋ በሚያወጣው ቅሪ አልኩ። እሷ ፎቶውን አሳየችኝ። ወፏ ክንፏን ወደ ጎኗ ሰብስባ፣ እግሮቿን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ በአረንጓዴው ብርሃን ውስጥ ትቀዝፋለች። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ የወሰነችው እሷ ናት። ትልቁን ትታ ትንሹን አስቀረችው። ገመዱን ግን ተወችው፤ አሁን ስትገባ ከእሷ ጋር በቀጭን ክር የተያያዘ ብርቱካናማ ፊኛ ከላይ ይከተላታል። ክሩ ከተያዘ በጣቷ የምትበጥሰው ነው።

ጥሩወርቅ ስለዚያ ቀን ስትናገር "ስላመነኝ ነው የተረፍኩት" ትላለች። እኔ ግን ያን ሰዓት ስለ እምነት አላሰብኩም። እጄ ላይ ግንድ ግንድ አለኝ፣ አላላሁት፤ ያለኝ ይኸው ብቻ ነበር። ተሳስቼስ ቢሆን? ራሷን ስታ እየጠበቀችኝ ቢሆንስ? ያኔም የሚያላላው ይኸው እጅ ነበር። ሰው ጎበዝ ሲለኝ ደስ የማይለኝ ለዚህ ነው።

እሷ በገባች ቁጥር አሁን ጋሽ ምንይችል መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ስትወጣ እጄን አንዴ ጨበጥ አድርገው ተነስተው ይሄዳሉ።