ጆሮዬና የወሰኑ ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ፣ እግሬ ረግጦት የማያውቀውን አንድ ትንሽ የጀርመን መንደር ከገዛ ሰፈሬ እኩል አውቀው ነበር። ወንዙ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በየትኛው በኩል እንደቆመ፣ ማን ከማን ጋር ወሰን እንደሚጋራ ዓይኔን ጨፍኜ እናገር ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ካርታም አይቼ አላውቅም ነበር። መንደሩን ያየሁት በዱቄት ላይ ነው።

ይህን የሚያስታውሰኝ ብርዱ ነው። አሁን ያለሁት በፈረንጅ አገር፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባል ሰፈር፣ ልጄ ቤት፣ ፎቅ ላይ ነው። በረዶው ሲጀምር ግራ ጆሮዬን አሻለሁ። እግሬም አርፎ አይቀመጥም፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ነው። ልጄ «አባዬ፣ ምን ጠፋዎት?» ትለኛለች። ባውቀው እኔም ደስ ባለኝ። የልጅ ልጄ ማርታ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ጆሮዎን ሁልጊዜ ለምንድነው የሚነኩት? ኢንፌክሽን ነው እንዴ?»

አይደለም አልኳት። ታሪኩን ነገርኳት፤ እሷ ጻፈችው።

ከሰፈራችን በታች፣ ወንዙ ከገደሉ ወርዶ ሜዳውን በሚነካበት ቦታ፣ የውሃ ወፍጮ ነበር። ባለቤቱ ሙሴ ሄርማን የሚባል ሽማግሌ ጀርመናዊ ነው። ያኔ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። እንዴት ወደ አገራችን እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም፤ አባቱም አያቱም በዚያ ሙልባህ በሚባል መንደራቸው ባለ ወፍጮ እንደነበሩ ግን ሳይነግረን አይውልም። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። ተራራውም «እሷ»፣ ንጉሡም «እሷ» ነበሩ።

እህል ያመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ ደጅ ላይ እሳት አንድዶ በቆሎ ይጠብሳል። መሸት ሲል ሙሴ ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ይሰቅልና አንድ ሰፊ ሳንቃ ጎትቶ ወደ እሳቱ ያመጣል። ሳንቃው ላይ ዱቄት በትኖ በመዳፉ ያስተካክለዋል። ከዚያ ጣቱን ይሰዳል። ያኔ እኔ ጆንያ ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ከጀርባዬ መዘውሩ ውሃውን እየገረፈ፣ ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ የሞቀ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶት፣ ያ ጣት ወንዝ ሲሆን፣ ወንዙ እንደ ክርን ሲታጠፍ፣ በክርኑ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሲቆም አይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት እንደኛ ዋርካ ያለ ትልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ በታች ወፍጮው፣ ወፍጮውን ተከትሎ አንድ መንገድ ብቻ። ግራና ቀኙ ተራራ ነው፤ ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። እርሻው እንደ መቀነት ቀጭን ቀጭን ሆኖ ተራራውን ይወጣል፤ አባት በሞተ ቁጥር ለልጆች ስለሚቆራረስ።

«ታዲያ በዚህች መቀነት ላይ በሬ እንዴት ይዞራል?» ይላል አንዱ።

«እሷ ጎረቤት ላይ ይዞራል» ይላል ሙሴ። «ከዚያ ጠብ!»

ይሳቃል።

የመንደሩን ታሪክም ነግሮናል። ድሮ፣ አያቱ እንኳ ሳይወለዱ፣ ነገሥታት ተጣልተው ወታደር በዚያ ሸለቆ አለፈ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ በቀር የተረፈ አልነበረም፤ ሁሉም አመድ ሆነ። ሰዉ ጫካ ገባ። በረዶውን እዚያው አሳልፎ ሲመለስ አጥሩ የለ፣ ቤቱ የለ፣ አረሙ ከሰው በላይ በቅሏል። የማን መሬት የት እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን እየዳበሱ በአረሙ ውስጥ ገቡና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አገኟቸው።

ለምን ጆሯቸውን? በዚያ መንደር ልማድ ነበረ። በየጊዜው አገሬው ተሰብስቦ ወሰኑን ይዞራል። ልጆችን ይዘው ይሄዳሉ። እያንዳንዱ የወሰን ድንጋይ ጋ ሲደርሱ የአንዱን ልጅ ጆሮ ይዘው አጥብቀው ይጠመዝዛሉ። ልጁ ያለቅሳል። ያለቀሰበትን ቦታ ደግሞ እስኪሞት አይረሳውም።

እትዬ በላይነሽ የምትባል፣ አፏ የማያርፍ የሰፈራችን ሴት ነበረች። «ኧረ ሙሴ! ያገርህ ሰው ፊደሉን በጆሮው ነው እንዴ የሚጽፈው?» አለችው።

«አዎ» አለ ሙሴ፣ የገዛ ጆሮውን ይዞ። «እዚህ ተጽፏል። እሳት አታቃጥላትም።»

እኔ ያንን መንደር የወደድኩት ለዚህ ነው። ከዚያ ግን ፍቅሩ ወደ ጭንቀት ተለወጠብኝ፤ የወሰን ነገር እኛም ቤት ገባ።

ጎረቤታችን አያ ደምሴ ታሞ ብዙ ጊዜ ተኛ። ድኖ፣ ምርኩዙን ይዞ እርሻው ላይ ሲወጣ፣ በእኛና በእሱ መካከል ያለው ድንጋይ ወደ እሱ ተጠግቶ አገኘው። «ድንጋዩ ተነሥቷል» አለ። አባቴ «እኔ አልነካሁም» አለ። አባቴ ከእኔም የባሰ ዝምተኛ ነበር። ያየ ምስክር ስለጠፋ ሽማግሌዎች መሐላ ፈረዱ። በእኛ ሰፈር በወሰን የሚምል ሰው እጁን በበኩር ልጁ ራስ ላይ ጭኖ ነው የሚምለው። ሐሰት ከሆነ መርገሙ ልጁን ይይዛል ይባላል። በኩሩ እኔ ነኝ። ቀኑ ለእሑድ ተቆረጠ።

አባቴ ይዋሽ አይዋሽ አላውቅም ነበር። መጠየቅም አይታሰብ። ግን መቀመጥ አቃተኝ። እበላና እነሣለሁ፤ ወደ ጓሮ እሄድና እመለሳለሁ። እናቴ ጠላውን እየጠመቀች «ይህ ልጅ ምን በላው?» ትላለች፤ እሷም ግን ዓይኗን ከአባቴ ላይ አታነሣም ነበር።

በዚያው ሳምንት እህሉን ይዘን ወፍጮ የወረድነው እኔና አባቴ ነን። ከዚያ በፊት አብሮኝ ወርዶ አያውቅም። እሳቱ ዳር ሳይሆን ራቅ ብሎ፣ የብርሃኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሙሴ ዱቄቱን አስተካከለ፤ ወንዙን ሳለ፤ ተራራውን ሳለ። ከተራራው ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ አደረገ።

«እዚህ ጋ» አለ፣ «ሲመሽ ፍም የመሰለ ነገር ትሄዳለች።»

አንድ ገበሬ ነው አለን። በሕይወቱ ሳለ የጎረቤቱን የወሰን ድንጋይ አንሥቶ ገፋ። ማንም አላየውም፤ በሰላም ኖረ፣ በሰላም ሞተ። ግን አላረፈም። ያንኑ ድንጋይ ታቅፎ ሸለቆውን ይዞራል፤ ድንጋዩ እንደ ፍም ቀልቷል፤ እጁን ያቃጥለዋል፤ መጣል ግን አይችልም። ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ «የት ላኑረው? የት ላኑረው?» እያለ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ ይሸሻል። አባቶች ሞቱ፣ ልጆች አረጁ፣ እሱ ገና ይዞራል።

ሙሴ ቀና ብሎ አየን። «እናንተ ብትሆኑስ ምን ትሉታላችሁ?»

«ወንዝ ውስጥ ጣለው እለዋለሁ!» አለ አንዱ።

«እኔ ቤት ያምጣው» አለች እትዬ በላይነሽ። «ሦስተኛ ጉልቻ ጎድሎኛል፤ እንዲያውም የጋለ ነው፣ እንጨት ይቆጥብልኛል።»

ደጁ በሳቅ ፈረሰ። ሙሴም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ፣ አንድ ምሽት አንድ ሰካራም ቅርጫት ሠሪ በዚያ አለፈ አለን። ስካር ፍርሃት አያውቅም። «የት ላኑረው?» ሲለው ተቆጣና «አንተ ደንቆሮ! ካነሣህበት ነዋ!» አለው። ያኔ ፍሙ ጠፋ። ሸለቆው ጨለመ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ። የጆንያውን ማሰሪያ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል፤ ይፈታል፣ ያስራል። ተራችን ደርሶ ሲጠሩን አልሰማም። ስንመለስ አህያውን እየነዳ ፊት ፊት ሄደ። ወደ ቤት ስንቃረብ፣ ሳይዞር፣ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ያ ሰውዬ ድንጋዩን ሲመልስ ያየው ሰው ነበር?»

«ሙሴ አልነገረንም» አልኩት።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ አባቴ ትከሻዬን ነክቶ ቀሰቀሰኝ። ተከተልኩት። ጤዛው እስከ ጉልበቴ አረጠበኝ። እርሻው ዳር፣ ከብሳናው ሥር ድንጋዩ ቆሟል። ትናንት እዚያ አልነበረም። ዙሪያው አፈሩ ትኩስ ነው። የአባቴን እጅ አየሁት፤ በጥፍሩ ሥር ጭቃ ሞልቷል።

ግራ ጆሮዬን ይዞ ጠመዘዘው። እስካለቅስ፣ ካለቀስኩም በኋላ።

«የት ነው?» አለኝ።

«እዚህ!»

«እንዳትረሳው» ብሎ ለቀቀኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቅጽረ ግቢው ደጃፍ ተቀመጡ። አባቴን ማል አሉት። ከፊቱ ቆምኩ፤ እጁ ራሴ ላይ እስኪያርፍ ጠበቅሁ። አላረፈም።

«አልምልም» አለ። «ሄዳችሁ እዩት። ልጁ ያሳያችኋል።»

«ጥርሱን ነቅሎ ያልጨረሰ ልጅ ምስክር ይሆናል?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ጆሮውን እዩት» አለ አባቴ።

ሁሉም እዚያ ወፍጮ የሚያስፈጩ ናቸው፤ ነገሩ ገባቸው። እየመራሁ ወሰድኳቸው። አያ ደምሴ ድንጋዩን በምርኩዙ ገፋ ገፋ አደረገው። ትኩሱን አፈር አየ። የአባቴን ጥፍር አየ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። አንዲት ቃል ከአያ ደምሴ አፍ ብትወጣ፣ አባቴ በዚያ ሰፈር ቀና ብሎ አይሄድም ነበር። ድንበር ገፊ የሚለው ስም እስከ ልጅ ልጅ ይከተላል።

አያ ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። «ና እስቲ አንተ።»

ሄድኩ። ቀኝ ጆሮዬን ያዘ።

«የአንድ ወገን ምስክር አይበቃም» አለና ጠመዘዘው።

ጮኽኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባቴ ፊቱን ወደ ብሳናው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ እሱም የሚስቅ መስሎኝ ነበር። እንዳልነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

መሬቱ ኋላ የማንም ሆነ፤ ድንጋዩም ተነቅሎ የማን ቤት መሠረት ውስጥ እንደገባ አላውቅም። ሙሴ ሄርማን አገሩ ሳይመለስ ሞቶ ከወፍጮው ቦይ አጠገብ ተቀበረ። አባቴም ሄደ፤ አያ ደምሴም።

ማርታ ይህን ከጻፈች በኋላ ሙልባህን በስልኳ ፈለገችው። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አሳየችኝ። ወንዙ እንደ ክርን ይታጠፋል። «ከክርኑ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ወረድ አድርጊው፣ ወፍጮው ይመጣል» አልኳት። መጣ። «ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ!» አለች። እኔ ግን የምፈልገው ድንጋዮቹን ነበር። ወደ ጫካው ወሰደችኝ፤ ዛፍ ብቻ ነው።

«ከላይ አይታይም» አለችኝ።

ለእግረኛ ነው የሚታየው።

ከእኔ ጋር የቀረው ይኸው ነው። ብዙ አገር አልፌያለሁ፤ ቦታ ማለት ግን ለእኔ ያመመኝ ቦታ ነው። እዚህ ከተማ ስንት ዘመን ኖሬ፣ በፊንች ባስ ተመላልሼ፣ ጆሮዬን ይዞ «እዚህ ነው» ያለኝ ሰው የለም። ለዚህ ይሆናል እግሬ አላርፍ ያለው።

ይህን ስናገር ማርታ መጻፏን አቆመች። ኮቴን አምጥታ አለበሰችኝ፤ በኤሌቬተር ወረድን። ፓርኪንጉን በረዶ ሸፍኖታል፤ የማን መኪና የት እንደሚቆም የሚለየው መስመር ሁሉ ጠፍቷል። ከሕንጻው ጥግ፣ መንገዱ ዳር አቆመችኝ። ቆቤን ገለጥ አድርጋ ግራ ጆሮዬን በሁለት ጣቷ ያዘች። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር።

«እዚህ ነው አባባ» አለችኝ። «ኦኬ?»

እንዳያመኝ ፈርታ ነው መሰል፣ ነካ ብቻ አደረገችው።

«ጠበቅ አድርጊው» አልኳት።