ቀን የማያይ ዓይን

ከትምህርት ቤት ያስባረረኝ ታላቅ ወንድሜ ኦሞድ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም።

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ልብሷ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። ያን ጊዜ በንጉሡ ዘመን ጋምቤላ የተማርኩባት የቆርቆሮ ክፍል ትመጣብኛለች። ፀሐይ ከፍ ስትል ሰሌዳው፣ መምህሩ፣ የገዛ እጄ ሳይቀር ነጭ ይሆንብኛል፤ እንባዬ ይወርዳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ዓይኔ ይከፈታል። ኦሞድ ባሮ ላይ ታንኳውን ይቀዝፋል፣ ዓሣውን የማሳየው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን መምህሩ ኦሞድን አስጠሩት።

«ወንድምህ ዕውር ነው ወይስ እያሾፈብኝ ነው?»

«ኧረ ያያል መምህር! ማታ ዓሣ የሚያሳየኝ እሱ አይደል?»

ቀን ቀን እጄን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ይህን አልተናገረም።

መምህሩ «አስመሳይ!» ብለው በሩን አሳዩኝ። አማርኛ ገና በደንብ አልገባኝም ነበርና መንገድ ላይ የቃሉን ትርጉም ኦሞድን ጠየቅኩት።

«ጎበዝ ማለት ነው። ከእንግዲህ ትምህርት አያስፈልግህም አሉ» ብሎ መቅዘፊያውን አሸከመኝ።

እኔም ደስ ብሎኝ ተሸከምኩ። ትርጉሙን ያወቅኩት ጎልምሼ በማታ ትምህርት ፊደል ስቆጥር ነው።

በስተርጅና የዓይን ሐኪም መረመረኝ፤ «ከተወለደ ጀምሮ በቀን ብርሃን አያይም» ብሎ ጻፈልኝ። ያዘዘልኝን ጥቁር መነጽር አድርጌ ኦሞድ ቤት ሄድኩና ወረቀቱን ራሴ አነበብኩለት።

«አውቅ ነበር እኮ» አለ። «አንተ ስትማር ዓሣውን ማን ያሳየኝ?»

ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። ማን አስባረረኝ የሚለው ነገር ያለቀው ያን ዕለት ነው፤ መጋቢት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.።