ሳይጮህ የሚሰጥም ሰው

የመዋኛ ገንዳው የልብስ መቀየሪያ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ፎጣ እሰጣለሁ፣ ፎጣ እቀበላለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። ከወንበሬ ላይ ገንዳው ሁሉ ስለሚታየኝ የዋና አስተማሪዋን ሥራ ፈለግሁም አልፈለግሁም አየዋለሁ። ከራሷ በማይለየው የጎማ ቆብ የተነሳ ልጆቹ እትዬ ቢጫ ይሏታል።

አንድ ቀን የሦስተኛ ክፍል ልጆች ጥልቅ ባልሆነው በኩል ሲንቦጫረቁ፣ እሷ ከመከፋፈያው ገመድ ወዲያ ጥልቁ ውስጥ ሆና ዝም አለች። አገጯ ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ አፏ ከውሃው ጋር እኩል ነው፤ መሰላል እንደሚወጣ ሰው በእጆቿ ውሃውን ወደ ታች ትጫናለች። እኔ ፎጣ ማነሱን እነግራታለሁ። መልስ የለም። ኮራችብኝ ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ቆይታ ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ቅድም እኮ እየሰጠምኩ ነበር" አለችኝ፣ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ ሁሉ።

"ታዲያ አፍ የለሽም? ምነው ዝም አልሽ?"

"እኔንም አንድ ጊዜ የገረመኝ እሱ ነው" አለችና ታሪኩን አወጋችኝ።

ድሮ እዚሁ በር ላይ ትኬት ትቆርጥ ነበር፤ ዋና የሚባል ነገር አታውቅም። አንድ ቀን ገንዳው በሰው ተጨናንቆ ሳለ አንድ ልጅ መሃላቸው ሰጠመ። ያወቁት የአንዱ ዋናተኛ እግር ጀርባውን ሲነካው ነው። ልጁ ተረፈ። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ትኬቱን ከመስጠቷ በፊት ለምን እንዳልጮኸ ጠየቀችው። መተንፈስ አቅቶኝ በምን ልጩህ አላት። ይህ መልስ እንቅልፍ ነሳት። ባሏ ምን አገባሽ እያለ ቢጨቀጭቃትም ዋና ተመዘገበች። የልጆች እናት ሆና ከሕፃናት ጋር ውሃ ስትጠጣ ያልሳቀባት አልነበረም። እሷ ግን ተምራ አስተማሪ እስክትሆን አላቆመችም።

ትምህርቷን የምትጀምረው ከዋና አይደለም። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን በረጅም ገመድ አስራ ታመጣለች። ጓደኛችሁ ሲሰጥም ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ፤ ትልቅ ሰው ጥሩ፣ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ይህን ወርውሩ ትላቸዋለች። መወርወሩን ወደዱት። ያቃታቸው ማየቱ ነው። በየትምህርቱ መሃል ድንገት የምትሰጥም ትመስላለች፤ እነሱ ሳያዩዋት ይንጫጫሉ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነገሩ አልጣመውም። በመዝጊያው ቀን ልጆቹ ወላጆቻቸው ፊት ጥልቁን እንዲያቋርጡ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ አንድ ልጅ እንኳ ሳይነገረው ስሰጥም እስኪያየኝ ድረስ የመከፋፈያው ገመድ አይፈታም አለች። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወላጆች መውጫ መግቢያ አሳጥተውታል። እስከ ሐሙስ ካልሆነ ሌላ አስተማሪ እንደሚያመጣ ነገራት።

"ለምን ለልጆቹ ሹክ አትያቸውም? እንጀራሽ እኮ ነው" አልኳት።

"ከነገርኳቸውማ ይጠብቁኛል። የሚሰጥም ሰው ቀጠሮ ይይዛል እንዴ?"

ሐሙስ ዕለት ዳይሬክተሩ ራሱ መጥቶ ጠርዙ ላይ ቆመ። ከሱ ትንሽ ፈንጠር ብላ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ልጅ የገንዳውን ጠርዝ ጨብጣለች። ውሃ ስለምትፈራ ከጠርዝ ተላቃ አታውቅም፤ ልጆቹም ሙጫ ብለዋታል። መዋኘቱ ቢቀርባት በጥያቄ ማንም አይችላትም።

"እትዬ፣ ዓሣ ይተኛል?" ስትል ሰማኋት።

ከገመዱ ወዲያ ጥልቁ ውስጥ ያለችው እትዬ ቢጫ አልመለሰችም። ዳይሬክተሩም እህቴ ነገሩን በሰላም እንጨርሰው እያለ ያናግራታል። ልጅቷ ደግማ ጠየቀች። ጥያቄዋ ያለ መልስ ቀርቶባት ስለማያውቅ ቀና ብላ አስተማሪዋን አየቻት፤ አየቻትና ከውሃው ወጣች። በዳይሬክተሩ ክንድ ሥር ሾልካ ጀሪካኑን አነሳች፣ በሆዷ ተኛች፣ ወረወረች። የእትዬ ቢጫን ግንባር አገኘው።

"ሰው ጥሩ!"

ጫጫታው ቀጥ አለ። አስተማሪዋ ጀሪካኑን አቀፈች፤ ልጅቷ ብትስብ ብትስብ አልሆነላትም። ዳይሬክተሩ ከነጫማው ወለሉ ላይ በተጠራቀመው ውሃ ውስጥ ተንበርክኮ ገመዱን ከኋላዋ ያዘላት።

ሙጫ ገመዱን ሳትለቅ አስተማሪዋ ላይ አፈጠጠች። "እየቀለዱ ነበር?"

"አዎ።" እትዬ ቢጫ ግንባሯን ታሻለች።

"የእውነት ቢሆንስ በምን አውቃለሁ?"

"አታውቂም። እንደ ዛሬው ወርውሪ።"

ልጅቷ አሰበች። "ሰውየው እየቀለደ ከሆነስ?"

"ግንባሩ ያብጥበታላ።"

ዳይሬክተሩ ሱሪውን እየጨመቀ ታዲያ የመከፋፈያው ገመድስ አለ። እሷ ወደ እኔ ዞራ እንድፈታው ነገረችኝ። ወገቤን ይዤ ተነሳሁና ፈታሁት።

በመዝጊያው ቀን ልጆቹ ጥልቁን አቋረጡ፤ ወላጆችም አጨበጨቡ። ሙጫ አልዋኘችም። ጀሪካኑን ይዛ በጠርዙ ላይ ከነሱ እኩል እየተራመደች አንድ በአንድ ታያቸዋለች። አባቷ ከወላጆች መሃል ተነስቶ እጁን ቢያውለበልብላት፣ ስሟን እየጠራ ቢጮህ፣ ዞር ብላም አላየችው።