የእርሷ ተራ

የማርያም ማኅበራችን በየወሩ በሃያ አንድ ከቤት ቤት ይዞራል። በዚያ የምርጫ ሰሞን ደጋሿ እኔ ነበርሁ፤ ከእኔ ጽዋውን የምትቀበለው ደግሞ ጎረቤቴ። ሴት ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እርሷ ናት። አባቷ ከትግራይ መጥተው፣ ጎርጎራ በጀልባ ሲሠሩ ኖረው እዚያው ያረፉ ሰው ናቸው። የአባቷን አገር እርሷ አይታው አታውቅም።

ያን ጊዜ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከሐይቁ ዳር እስከ ሰፈራችን እየዞረ «የራሳችሁን ሰው ምረጡ» ይል ነበር። ወጣቶቹም በየበሩ ቆመው ማን የማን ወገን እንደሆነ ይጠያየቁ ጀመር። ከእነርሱ አንዱ የሙሴያችን ልጅ ነበር፤ ሙሴ የምንላት የማኅበራችንን መሪ ነው።

ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው የሚተላለፍበት ሰዓት ሆነ። ጎረቤቴ እንደ ደንቡ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን በጫፉ ሸፍና ቆመች። ሙሴያችን መሬት መሬት እያየች፣

«የእርሷን ተራ እንለፈውና ለቀጣይዋ እንስጥ» አለች።

የንስሐ አባታችን ቀና አሉ። «ምን ሆና?»

«ለእርሷው ብለን ነው፣ አባ። እርሷ ቤት ስንሰበሰብ ቢያዩ ልጆቹ ሌላ ነገር ይመስላቸዋል። ምርጫው ይለፍ።»

«ድምፅሽን ለወገኖችሽ ልትሰጪ ነው እየተባለ ነው» አለች ሌላዋ።

«ለየትኞቹ ወገኖቼ?» አለች ጎረቤቴ። «እኔ ወገን ብዬ የማውቀው እዚህ የተቀመጣችሁትን ነው።»

አንዲት አሮጊት ጣልቃ ገቡ። «እናንተ ልጆች! እኔ እንደሁ ባለፈው ሥዕሉ ያማረኝን መርጬ ነው የወጣሁ። ይህ ያጣላል?»

የሳቀ አልነበረም።

በእኛ ማኅበር ተራው የሚታለፈው ወራሽ ሳይተው የሞተ ሰው ብቻ ነው። ሙሴያችን ደግ ያሰበች መስሏት ይህን ዘነጋችው። ጎረቤቴ ግን አልዘነጋችም። እጇን ሳታወርድ፣

«በቁሜ ቀበራችሁኝ?» አለች።

ጽዋው በእጄ ነበር። ሰጠኋት። እልልታ አልተሰማም። እስከ ቤቷ የሸኘናት አሮጊቷና እኔ ብቻ ነን።

ምርጫው አለፈ። በሃያ አንድ ቤቷ ስገባ አግዳሚዎቹን ለሁሉም ደርድራ ጠበቀችኝ። የመጣነው አባ፣ አሮጊቷና እኔ ነን። ባዶውን አግዳሚ እያየን ጸለይን። እርሷ ለቀሩት ሁሉ ዳቦ ቆርሳ ጠቀለለችና «አድርሽልኝ» አለችኝ።

ሙሴያችን ቤት በሩን የከፈተልኝ ልጇ ነው።

«ከማን ነው፣ እትዬ?»

«ከማርያም።»

ጥቂት አየኝ። በሁለት እጁ ተቀብሎኝ ገባ። በሌሎቹ ቤቶች ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የከፈተልኝ ግን የለም። የቀረውን ዳቦ ይዤ ተመለስሁ።

ጽዋውን የሚረከባት ስላልመጣ እኔ ዘንድ አስቀመጠችው። ከበሯ ፊት የሚቆሙት ልጆች አልቀነሱም። ብዙም ሳትቆይ አዲስ አበባ፣ ልጇ ዘንድ ሄደች። የነካት ሰው የለም፤ እመቤቴ ትመስገን።

ማኅበሩ ቆይቶ እንደገና ተሰበሰበ። ስለዚያ ቀን ያነሳ የለም። ተራዋ ሲደርስ ግን እጇን በነጠላ ሸፍና መካከላችን የቆመች ይመስለኛል። ለእኔ ብቻ እንዳልሆነ ከሙሴያችን ፊት አውቃለሁ። አባ «የማን ተራ ነው?» ሲሉ፣ «የእርሷ ነው፤ እኔ እቀበልላታለሁ» እላለሁ። በስሟ እደግሳለሁ። አቅሙን ለሰጠኝ አምላክ ምስጋና ይግባው።

ድግሱ አልቆ ሰው ሲሄድ እደውልላታለሁ።

«ማን ማን መጣ?»

«ሁሉም።»

«ሙሴያችንም?»

«እርሷም።»

«እመቤቴ ትመስገን» ትላለች፤ አሜን እላለሁ። ልመጣ ነው ብላኝ አታውቅም። እኔም ነይ ለማለት እስካሁን አልደፈርሁም።